ማሳው ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው፤ በቆላው አፈርና በጨው። ስለዚህ አምዱን ሙሉ ለነሱ ለቀናል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን አካባቢያቸውን ብቻ ጽፈናል። አንዳንዱን ጥያቄም አሳጥረነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ሦስት ጥማድ መሬት አለኝ። ድሮ ማሽላና ማሾ ነበር የምዘራው። ጉድጓድ ካስቆፈርኩና ፓምፕ ከገዛሁ ወዲህ በዓመት ሁለቴ ሽንኩርት አመርታለሁ። መጀመሪያ ጎረቤት እስኪገረም ነበር የሚያፈራው። አሁን መደቡ አናት ላይ ነጭ ነገር ይወጣል፣ የሽንኩርቱ ጫፍ ይቃጠላል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ባዶ ነው። ማዳበሪያ ብጨምርበት ባሰበት። አንድ ነጋዴ ጨው የሚያጠፋ ፈሳሽ አለኝ ብሎ በሊትር ይሸጣል። ልግዛው? ሰዎች ደግሞ ዓይን ገብቶበት ነው ይሉኛል። (ቀወት)

መልስ፦ የዓይኑን ነገር ለሚያውቁት ልተውና፣ ወንድሜ፣ ፈሳሹን አይግዙ። የሚያጠፋው ገንዘብዎን ነው።

ጨው በመድኃኒት አይሞትም። ፀሐይም አያተነውም። ውሃው ይተናል፣ ጨው እዚያው ይቀራል። ከማሳ የሚወጣበት መንገድ አንድ ነው፤ በውሃ ሟሙቶ ከሥሩ በታች መውረድና ከዚያ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጥልቁ መሬት መሄድ። ነጋዴው የሚሸጥልዎ ነገር ይህን መንገድ አይከፍትም።

ለመሆኑ ከየት መጣ? ከጉድጓዱ ነው። ጨው ጨው የማይል፣ ሰው የሚጠጣው ውሃ እንኳን ጨው አለው። በመለኪያ እንየው። የውሃና የአፈር ጨው የሚለካው በኢሲ ነው፤ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ልክ ነው፣ በትንሽ መሣሪያ ይነበባል። ኢሲው 1 ዴሲ ሲመንስ በሜትር የሆነ ውሃ ለመስኖ ደህና ከሚባለው ጎራ ነው። ግን በያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 640 ግራም ገደማ ጨው ይዟል። ሽንኩርቱ በአንድ ወቅት 400 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ቢጠጣ፣ ለአንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ 1,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያ 640 ኪሎ ጨው ነው። በዓመት ሁለቴ ሲያመርቱ 13 ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ በአንድ ጥማድ ብቻ! አንድ ሰው ይህን ያህል ጨው በጋሪ ጭኖ ማሳዎ ላይ ሊደፋ ቢመጣ በዱላ ነው የሚያባርሩት። ፓምፑ ግን ነዳጅ እየተገዛለት ያስገባዋል።

ማሽላና ማሾ ሲዘሩ ያልታየውም ለዚህ ነው። የዝናብ ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም የነበረውን አጥቦ ያወርዳል።

ሽንኩርት ደግሞ ለጨው አቅም ከሌላቸው ሰብሎች አንዱ ነው። የአፈሩ ኢሲ 1.2 ካለፈ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። በርበሬና ቃሪያ 1.5 ላይ፣ ቲማቲም 2.5 ላይ ይጀምራቸዋል። ማሽላ ግን እስከ 6.8 ይታገሳል። ማሽላ ደህና በሚያፈራበት መሬት ላይ ሽንኩርት የሚቃጠለው በዚህ ልዩነት ነው። ማዳበሪያ ሲጨምሩ የባሰበትም እንዲሁ ምክንያት አለው፤ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ራሱ የሚሟሟ ጨው ነው፣ ዩሪያም አፈር ውስጥ ሲፈርስ ወደዚያው ይሄዳል። ሽንኩርትዎ የተጠማ እንጂ የተራበ አይደለም። እርጥብ አፈር ውስጥ ቆሞ ውሃውን መሳብ አቅቶታል።

አሁን ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ጉድጓዱን ይዩ። ፓምፑን አንድ ሌሊት ያሳርፉት፤ ጠዋት ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው ይልቀቁና ውሃው ከመሬት ገጽ ስንት ሜትር ላይ እንደሚጀምር ይለኩ። ከ2 ሜትር ያነሰ ከሆነ ጨዋማው ውሃ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ለማጠብ ብለው ውሃ ቢለቁ ነገሩን ያባብሱታል፤ መጀመሪያ ጥልቅ የማጠንፈፊያ ቦይ መቆፈር አለበት። 6 ወይም 8 ሜትር ከሆነ እፎይ ይበሉ። መውረጃ አለዎት፣ የሚቀረው መጠቀም ነው።

ይህን አጥብቄ የምለው ታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ያዩትን ስለማውቅ ነው። ወንዞቻችን ሮቢም ጀውሃም የሚወርዱት ወደ አዋሽ ነው። አዋሽ መካከለኛው ተፋሰስ ላይ፣ አሚባራና መልካ ሰዲ፣ ጥጥና ሙዝ ይመረትባቸው የነበሩ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች በቂ ማጠንፈፊያ ሳይኖራቸው ውሃ እየተለቀቀባቸው ኖሩ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መጣ፣ ጨውን ተሸክሞ። ከዚያ መሬት ብዙው ከምርት ውጭ ሆነ። ወረር ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት ከጨዋማ አፈር ጋር ሲታገል የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። እነሱ ያን ሁሉ ዋጋ የከፈሉበትን ትምህርት እኛ ገመድና ድንጋይ ይዘን በነጻ ማግኘት እንችላለን።

መውረጃው ካለ፣ ማጠቢያው ክረምቱ ነው። ከሰኔ በፊት ማሳውን በደንብ ይደልድሉት። ጉብታ ከቀረ ጨው የሚሰበሰበው ጉብታው ላይ ነው። ከዚያ በትንንሽ ክተር ይከፋፍሉት፣ ዝናቡ ሮጦ እንዳይወጣ፣ እዚያው ቆሞ እንዲሰርግ። 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ በ30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አልፎ ከወረደ ካለው ጨው ከ70 እስከ 80 በመቶውን ይዞት ይሄዳል ተብሎ ይገመታል። ያን ያህል ውሃ በፓምፕ ልልቀቅ ቢሉ ለአንድ ጥማድ 750 ሜትር ኩብ ነው፤ ነዳጁን ያስሉት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግን ሂሳብ አይጠይቅም። አንድ ክረምት ላይ ሽንኩርት አልተከልኩም ብለው እንዳይቆጩ፤ ማሽላ ሊዘሩበት ይችላሉ፣ ማሽላው ባለበትም ይታጠባል።

ክረምቱ ሲወጣ መሬቱን ራቁቱን አይተዉት። ባዶና እርጥብ መሬት ከጥቅምት እስከ ጥር በፀሐይ ሲደርቅ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፣ ያጠቡት ጨው ተመልሶ ይመጣል። ገለባ ወይም አገዳ ይጎዝጉዙበት። ከብት ይበላዋል ይሉኝ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ግን ቢያንስ በጣም የተጎዳው ቦታ ላይ ቀጭን ጉዝጓዝ አይከፋም።

ሽንኩርት ሲመለሱ ደግሞ ችግኙን መደቡ አናት ላይ አይትከሉ። ውሃው ከሁለቱም ቦይ እየተሳበ መጥቶ የሚገናኘውና የሚተነው እዚያ ነው፣ ነጩን ያዩትም ለዚሁ ነው። ትከሻው ላይ፣ ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ አድርገው ይትከሉ፤ አናቱን ለጨው ይተዉለት። ችግኝ እስኪይዝ ድረስ የውሃ ተራዎን አያራርቁ፣ አፈሩ በደረቀ ቁጥር የቀረው ውሃ ይበልጥ ይከርራል።

ጥያቄ፦ እኛ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነን። የገብስና የባቄላ ማሳችን ላይ ኖራ ጨምረን ለውጥ አይተናል። የባለቤቴ ወንድም ቆላ ነው፣ መሬቱ ነጭ ሆኖበታል። የተረፈንን ሁለት ኩንታል ኖራ ልንልክለት ነው፣ ይጠቅመዋል አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተሰብ ማለት እንዲህ ነው፤ ግን ኖራውን እዚያው ያቆዩት።

የናንተና የሱ በሽታ ተቃራኒ ነው። የደጋውን አፈር ዝናብ ለዘመናት አጥቦ ካልሲየሙን ወስዶበታል፤ ፒኤቹ፣ የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳየው ቁጥር፣ ወርዶ አሲዳማ ሆኗል። ኖራ ያንን ከፍ ያደርገዋል። የቆላው ዝናብ አጥሮት ጨው የተከማቸበት ነው። ፒኤቹ ድሮም ከፍ ያለ ነው፣ እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ኖራ አይሟሟም ማለት ይቻላል። መንገዱን ሁሉ ተጭኖ ወርዶ ነጭ ላይ ነጭ መጨመር ነው የሚሆነው። የምጣድ አመድም እንደዚሁ፤ ለእናንተ መሬት ጥሩ፣ ለሱ መሬት ጉዳት።

ለቆላው የሚጠቅመው፣ እሱም ሶዲየም (የገበታ ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ለበዛበት ብቻ፣ ጂፕሰም ነው። ጂፕሰም ካልሲየም አለው፣ ከኖራ በተለየ ግን ፒኤች ከፍ ባለበትም ይሟሟል። ካልሲየሙ ሶዲየሙን ከአፈሩ ላይ ገፍቶ ያስለቅቀዋል፣ ከዚያ ውሃ ይዞት ይወርዳል። ጂፕሰም በሀገራችን አባይ ሸለቆ ውስጥ ይወጣል፤ ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። ግን መጠኑ በሄክታር በቶን ስለሚቆጠር አፈሩ ላብራቶሪ ሳይታይ አይገዛም። ሶዲየም ይኑርበት አይኑርበት በቤት እንዴት እንደሚታይ ከታች ለሌላ ጠያቂ መልሰናል፤ ለወንድማችሁ ያንብቡለት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዲግሪዬን በዕፅዋት ሳይንስ ነው የያዝኩት፣ ሥራ ስላላገኘሁ የአባቴን መስኖ ይዣለሁ። ጨዋማ አፈርና ሶዲየም የበዛበት አፈር እንደሚለያዩ ተምረናል፣ ኢሲ ከ4 በላይ፣ ሶዲየሙ ከ15 በመቶ በላይ ምናምን። ላብራቶሪ በሌለበት ሜዳ ላይ ግን እንዴት ነው የምለያቸው? (ኤፍራታና ግድም)

መልስ፦ ጥሩ አድርገሃል፣ ጎበዝ። ቁጥሮቹንም በትክክል ነው የያዝካቸው። አሁን ብርጭቆ አምጣ።

የዝናብ ውሃ ያስፈልግሃል፤ ከቆርቆሮ ጣራ ላይ የወረደ፣ የመጀመሪያው አቧራ ከታጠበ በኋላ የተቀዳ። የጉድጓድ ውሃ አይሆንም፣ በውስጡ ያለው ጨው ምልክቱን ይደብቅብሃል። ከተጎዳው ቦታ አንድ፣ ከደህናው ቦታ አንድ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያክል ጓል ውሰድ። ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሁለት ጥርት ያሉ ብርጭቆዎች ሞልተህ ጓሉን በቀስታ ወደ ታች ልቀቀው። አትነቅንቅ፣ ልጆች እንዳይነኩት መስኮት ላይ አድርገው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እይ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ እይ፣ በነጋታው ደግመህ እይ።

ሦስት ነገር ልታይ ትችላለህ። ጓሉ እንዳለ ከቆየ አፈሩ ደህና ነው፣ ብስባሽ አለው። ጓሉ ፈርሶ ትንሽ ክምር ከሆነ፣ ውሃው ግን ጥርት እንዳለ ከቀረ፣ ችግሩ የብስባሽ ማነስ ነው፤ ፍግና የሰብል ቅሪት ነው የሚፈልገው። በጓሉ ዙሪያ ግን ወተት የመሰለ ጭጋግ ተነስቶ፣ በነጋታው ውሃው በሙሉ ደፍርሶ ከጠበቀህ፣ ሶዲየም ነው። ያ ድፍርስ ነገር የሸክላው ደቃቅ ክፍል ነው። ሶዲየም አላይዘው ብሎ በትኖታል፣ ማሳ ላይም እንደዚሁ ተበትኖ የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ስለሚደፍን ውሃ አልሰርግ ይላል፣ ሲደርቅም እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል።

አንድ ማታለያ አለ። ሁለቱም በሽታ በአንድ ላይ ያለበት አፈር፣ ጨውም ሶዲየምም፣ መጀመሪያ ላይ ላይደፈርስ ይችላል። ጨው በብዛት እስካለ ድረስ ሸክላውን አሰባስቦ ይይዘዋል። ጨው ታጥቦ ሶዲየሙ ብቻውን ሲቀር ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ነጭ ከሚታይበት ቦታ የወሰድከውን ጓል ውሃውን ቀስ ብለህ እየደፋህ ሁለት ሦስት ጊዜ በአዲስ የዝናብ ውሃ ተካለት። ያኔ ከደፈረሰ፣ እንዲህ ያለውን ማሳ ያለ ጂፕሰም በክረምት አጥባለሁ ብለህ አትጀምር። የሚሰርግበት ቀዳዳ ተደፍኖ ኩሬ ይሆንብሃል።

ማሳው ላይ የሚታይ ምልክትም አለ። ነጭ ቅርፊትና ላላ፣ እርጥብ የሚመስል አፈር ካየህ ብዙ ጊዜ ጨው ነው። ጥቁር፣ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ቅርፊት ካየህ ሶዲየምን ጠርጥር፤ ፒኤቹ ከ8.5 ሲያልፍ የአፈሩ ብስባሽ ራሱ እየሟሟ ወደ ላይ ይወጣል። ከብቶች አንድ ቦታ እየመረጡ አፈር የሚልሱም ከሆነ ልብ በል፣ እነሱ ያለ መሣሪያ ያውቁታል። አንተ ግን እንዳትቀምስ። ሽንኩርትና ቲማቲም የተመረተበት መሬት ላይ ስንት ዓይነት ኬሚካል እንደተረጨ ታውቀዋለህ።

የኢሲ መለኪያ ካገኘህ ደግሞ አንድ እጅ ደረቅ አፈር በአምስት እጅ የዝናብ ውሃ በጥብጠህ፣ አስተኝተህ፣ ከላይ ያለውን ለካ። ያገኘኸውን ለከባድ ጥቁር አፈር በ6 ወይም በ7፣ ለአሸዋማ አፈር በ14 ገደማ አባዛው። ከ4 ጋር የምታወዳድረው የተባዛውን ነው፣ በጥሬው እንዳትሳሳት። እና አንድ ምክር፤ መለኪያውን ለአባትህ ብቻ አትያዘው። የጎረቤቱን ጉድጓድ ሁሉ ለካላቸው። ሥራ አላገኘሁም ላልከውም መነሻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የእነዋሪ ሰው ነኝ። ጥቁሩን መሬታችንን ጠለቅ አድርጌ ሳርስ ነጫጭ ጠጠር ይወጣል። ጨው ነው እንዳልል አይቀልጥም። ልስጋ?

መልስ፦ አይስጉ። ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ ከፈላና አረፋ ከሠራ የኖራ ጠጠር ነው፣ መረሬ መሬት ውስጥ ዝናቡ ያወረደው ካልሲየም የሚጠራቀምበት። ጉዳት የለውም። የጅሩ መሬት ጠላት ጨው ሳይሆን ክረምት ላይ የሚተኛው ውሃ ነው፣ እሱንም ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጃችሁ እየሠራችሁ ስታጠነፍፉ ኖራችኋል። ከማረሻ ላይ የሚገጠመው የመደብ ማውጫ፣ ቢቢኤምም የመጣው ይህንኑ ሥራ ለማቅለል ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን አለህ። ባለሙያዎቹ መጥተው ፍግ ወደ ማሳ አውጡ፣ ኩበት አታንድዱ ይሉናል። እሺ፣ እንጀራውን በምን ልጋግረው? እንጨት የለ፣ መብራቱ አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለ። (ምንጃር)

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጥያቄዎ ልክ ነው። ኩበት አታንድዱ ብሎ መሄድ ቀላል ነው፣ ሊጡ ግን አይጠብቅም። ምጣዱ እንዳይቀዘቅዝ፣ መሬቱም እንዳይራብ ምን ማድረግ ይቻላል የሚለውን ልንገርዎ።

ከብቱ ከሚያወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ ያለው እበቱ ውስጥ አይደለም። ሽንቱ ውስጥ ነው። ሽንት ደግሞ ኩበት አይሆንም፣ እንዲሁ መሬት ጠጥቶት ይቀራል። ስለዚህ በረቱ ውስጥ የማይበላ ገለባና እብቅ ይጎዝጉዙ። ሽንቱን ይጠጣል። በየጥቂት ቀኑ ጥርግርጉን አውጥተው ጥላ ላይ ይከምሩት። እበቱን ለኩበት ይጠፍጥፉ፣ ጉዝጓዙን ለማሳ ይስጡ። ሁለቱም ቤት ደረሳቸው።

ክምሩን ግን ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ ማዳበሪያው በአየር እየሄደ ነው። በአፈርና በገለባ ይሸፈን፣ እርጥበት ይኑረው፣ በጣም ግን አይራስ። ሦስት አራት ወር ይበቃዋል። ሲበስል የጫካ አፈር ይሸታል። የዶሮ ኩስ ካለዎት በደንብ ሳይበስል አያውጡት፣ ትኩሱ ጨው ይበዛበታል፣ ቡቃያ ያቃጥላል። ብስባሹ ለሁሉም መሬት አይደርስም፤ በየዓመቱ አንድ መደብ እየመረጡ፣ ያንኑ በደንብ ያጥግቡት። በትንሽ በትንሹ ለሁሉም መበተን ለአንዱም አይጠቅምም።

ስለ ምጣዱ ደግሞ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ከሆነ የሚጋግሩት ዙሪያውን የተዘጋውን የምርጥ ምድጃ ይሞክሩ። ማገዶ በጣም ይቀንሳል፣ ጭሱም ዓይን አያጠፋም። የተረፈው ኩበት በራሱ ጊዜ ማሳ ይደርሳል። አንድ ሌላም አለ፤ ከጤፍ በኋላ ሽምብራ ስታዞሩ ከነሥሩ ባትነቅሉት። በማጭድ ይታጨድ፣ ሥሩ እዚያው ይቅር። ልማዱ መንቀል መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጆቹም ያጉረመርማሉ። ይሞክሩት እስቲ፣ አንድ ጥግ ላይ።

ጥያቄ፦ ዩሪያ ስበትን ማታ ማታ ማሳው ይሸታል። ለምን? (አንጾኪያ ገምዛ)

መልስ፦ ገንዘብዎ እየተነነ ነው። ፒኤቹ ከፍ ባለ መሬት ላይ፣ በሙቀት፣ ላይ ላዩን የተበተነ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ይሄዳል። ከቦዩ ጎን አጠገብ ትንሽ ጫር አድርገው አፈር ያልብሱት፣ ወይም ወዲያው ውሃ ያጠጡት። አንዴ ከመበተን ከፋፍሎ መስጠትም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጀውሃ አካባቢ ነኝ። ከማሳዬ አንድ ጥግ ጭራሽ ሞቷል፣ ምንም አይበቅልበትም። አንዱ ጓደኛዬ ከአፋር በረሃ ያለውን እሾሃማ ዛፍ፣ ፕሮሶፒሱን፣ ትከልበት፣ ጨው አይፈራም አለኝ። ልትከል?

መልስ፦ በፍጹም! ጓደኛህ ጨው አይፈራም ያለው እውነቱን ነው። ግን ፕሮሶፒስ አንተንም አይፈራም። አፋር ላይ ይጠቅማል ተብሎ ነበር የገባው፤ አሁን ግጦሹንም፣ መንገዱንም፣ እርሻውንም ወርሶ አርብቶ አደሩ በገዛ መሬቱ መግቢያ አጥቷል። ፍሬውን ከብት በልቶ በእበቱ ይዘራዋል፣ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ወደ እኛ ወገን እንዳይወጣ ነው መታገል ያለብን።

ጥጉን መጀመሪያ መርምረው፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሌላው ማሳ ውሃ የሚያርፍበት ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ከሆነ መውረጃ ክፈትለት። ከዚያ ሣር አስይዘው፤ የሮድስ ሣር ጨው ይችላል፣ ለከብትም ጥሩ መኖ ነው። ዳር ዳሩን ሰስባኒያ መትከል ትችላለህ፣ ቅጠሉ መኖ፣ ሥሩ አፈሩን ይሰነጥቅልሃል። አንድ ሁለት ዓመት ሣር ይዞ የቆየ መሬት ውሃ ማስረግ ይጀምራል፣ ያኔ ማሽላ ወይም ጥጥ ሞክርበት፤ ጥጥ ከማሽላም የተሻለ ጨው ይችላል፣ እስከ ኢሲ 7.7 ይደርሳል። ማሾና ቦሎቄ ግን በምንም ዓይነት እዚያ ጥግ እንዳታስገባ፣ ሁለቱም ለጨው አቅም የላቸውም።

ጥያቄ፦ የኔ ጉዳይ ከጎረቤት ጋር ነው። ከኔ በላይ ያለው ሰው ማሳውን አጥባለሁ ብሎ ፈሰሱን ወደኔ መሬት ለቀቀው። የሱ ነጭ ቀነሰ፣ የኔ ጀመረ። ልክሰሰው? (ቀወት)

መልስ፦ ከመክሰስዎ በፊት አብራችሁ ወደ ታች ሂዱ። ከሱ ማሳ ጀምሮ የእርስዎን አልፎ እስከ ወንዙ ድረስ ተራመዱና ውሃው በተፈጥሮው የት እንደሚያዘነብል እዩ። እሱ ያደረገው ግማሹ ትክክል ነው፣ ጨውን አስወጥቷል። ግማሹ ግን ስህተት ነው፣ ማስወጫውን ሰው ማሳ ላይ አቁሞታል። ፈሰስ የሚባለው ወንዝ እስኪገባ ነው።

ድንበሩ ላይ አንድ የጋራ ቦይ ያስፈልጋችኋል፤ ከሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ሜትር መሬት ይወስዳል፣ እሱን ነው መተማመን ያለባችሁ። ጥልቀቱ የሰብል ሥር ከሚደርስበት በታች መሆን አለበት፣ ከአንድ ሜትር በላይ ቢሆን ይመረጣል። ላይ ላዩን የተጫረ ቦይ ጎርፍ እንጂ ጨው አያወጣም። ከናንተ በታች ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ካልገቡበት ቦዩ ሌላ ሰው ማሳ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ። የውሃ ተራ የሚያካፍል የውሃ አባት ወይም የመስኖ ኮሚቴ ካላችሁ በእነሱ ፊት ይሁን፤ ውሃ ማምጫውን የሚዳኝ ሰው ማስወጫውንም ቢዳኝ ያምርበታል። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ፣ ዲኤውንም ጥሩት፣ ቁልቁለቱን በውሃ ልክ ያይላችኋል። ቁፋሮው ግንቦት ላይ ይለቅ፣ ሰኔ ሲገባ አፈሩ ይናዳል።

እና ፈሰሱን ማንም ሰው ወደ መስኖው ቦይ እንዳያዞረው ተስማሙ። የታጠበውን ጨው ከታች ያለው መልሶ ያጠጣዋል።